የአየር ጥራትና የሙቀት አማቂ ጋዝ ደረጃዎችን በአካባቢ ልማት ፕላን ላይ ማስፈር፦ ለመሃል አዲስ አበባ ዝርዝር መመሪያ

የአካባቢ ልማት ፕላን ሰነድ ያገላበጠ ሁሉ ያውቀዋል። የመሬት አጠቃቀሙ፣ የመንገዱ ወሰን፣ የሕንፃው ከፍታ ሁሉ በቁጥርና በካርታ ተቀምጦ ካለቀ በኋላ፣ መጨረሻ አካባቢ «አካባቢያዊ ጉዳዮች» የምትል አጭር ምዕራፍ ትመጣለች። «የአየር ብክለት እንዲቀንስ ጥረት ይደረጋል»፣ «አረንጓዴ ልማት ይበረታታል» ትላለች። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ባለሙያ ይህችን ይዞ አንድም ባለይዞታ ዲዛይኑን እንዲያስተካክል ማድረግ አይችልም። ቁጥር የላትማ! በካርታው ላይም መስመር የላትም።

ይህ መመሪያ ያቺን ምዕራፍ ከመጨረሻ አውጥቶ ፕላኑ መሃል ለማስገባት ነው። የተጻፈው በክፍለ ከተማና በማዕከል ለሚሠሩ ፕላነሮችና ለአማካሪ ድርጅቶች ነው፤ የሰፈሩ ፕላን ለውይይት ሲቀርብ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ለሚፈልግ ነዋሪም ያገለግላል። ምሳሌዎቹ ከአራዳ፣ ከቂርቆስና ከልደታ ናቸው፤ ማለትም ሕንፃው ከጠበበ መንገድ፣ ታክሲ ተራው ከትምህርት ቤት፣ ጄኔሬተሩ ከጎረቤት መስኮት ጋር ከሚገናኝበት ቦታ።

1. ፕላኑ የሚወስነውንና የማይወስነውን ለዩ

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላንንና የአካባቢ ልማት ፕላንን ለይቶ ያስቀምጣል። መዋቅራዊው የከተማዋን አጽም ያሳያል፤ የአካባቢ ልማት ፕላኑ ግን እስከ ብሎክ ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍሎ በመጻፍ ነው።

በአንደኛው ጎን ፕላኑ የማይነካው ይጻፍ፦ የነዳጁ ጥራት፣ የሚገቡት መኪኖች ዓይነት፣ የኤሌክትሪኩ ምንጭ። ለምሳሌ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የተደረገው እገዳ በ2016 ዓ.ም. በፌዴራል ደረጃ የመጣ ነው፤ የካዛንቺስ ፕላን አላመጣውም፣ ሊሽረውም አይችልም። በሌላው ጎን ደግሞ ፕላኑ በእጁ ያሉት ይጻፉ፦ የመንገድ ስፋት፣ የሕንፃ ከፍታና ከመንገድ ወሰን የሚያፈገፍግበት ርቀት፣ የመኪና ማቆሚያ ብዛት፣ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ቦታ፣ የክፍት ቦታ፣ የጄኔሬተርና የቆሻሻ ማቆያ አቀማመጥ፣ የግንባታ ቅደም ተከተል።

ከዚህ በኋላ የምታወጡት እያንዳንዱ ድንጋጌ ከሁለተኛው ጎን ካልሆነ ሰርዙት። ፕላኑ ሊያስፈጽም የማይችለውን መመኘት ሰነዱን ያወፍራል እንጂ አየሩን አያጠራም።

2. የትኛውን ቁጥር እንደምትከተሉ ወስኑ

ሕጋዊ መሠረቱ ሩቅ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያውጃል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲታቀድ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከነማሻሻያዎቻቸው ከጎናችሁ ይሁኑ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የኢትዮጵያ የአካባቢ አየር መመሪያ ለፒኤም 2.5፣ ማለትም ሳንባ ድረስ ለሚዘልቀው ደቃቅ ብናኝ፣ በዓመት አማካይ 15፣ በ24 ሰዓት አማካይ 65 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ያስቀምጣል። ለፒኤም 10፣ ማለትም ከዚያ ተለቅ ለሚለው ብናኝ፣ በዓመት 50፣ በ24 ሰዓት 150 ነው። ከሞተር ጭስ ለሚወጣው ጋዝ፣ ለናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ፣ በዓመት 40። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ምክር ደግሞ ጠንከር ይላል፦ ፒኤም 2.5 በዓመት 5፣ በ24 ሰዓት 15፤ ፒኤም 10 በዓመት 15፣ በ24 ሰዓት 45፤ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በዓመት 10። ድርጅቱ እዚያ ለመድረስ መሸጋገሪያ ግቦችም አስቀምጧል፤ ለፒኤም 2.5 በዓመት 35፣ 25፣ 15 እና 10።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ አንድ ነገር ይታያል። የእኛ የዓመት ቁጥር፣ 15፣ ከዓለም ጤና ድርጅት ሦስተኛ መሸጋገሪያ ግብ ጋር እኩል ነው፤ የእኛ የ24 ሰዓት ቁጥር፣ 65፣ ግን በጣም ልል ነው። ብዙ የተፅዕኖ ግምገማ ዘገባዎች ለጥቂት ቀን ለክተው ከ65 ጋር ያወዳድሩና «ከደረጃው በታች ነው» ብለው ይዘጉታል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ የተወዳደረው ግን ከሚመቸው ጋር ነው። ስለዚህ ፕላኑ የሚታሰርበትን የዓመቱን አማካይ አድርጉ፤ የ24 ሰዓቱን ለማንቂያ ብቻ ተጠቀሙበት። ከ15 በታች ያለውን መንገድ በመሸጋገሪያ ግቦቹ ከፋፍላችሁ በየአምስት ዓመቱ አስቀምጡ።

ለሙቀት አማቂ ጋዝ ጎዳና ላይ ቆሞ የሚለካ ደረጃ የለም። ያለው አገራዊ ግብ ነው፦ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለችው የአየር ንብረት ቃል መሠረት ምንም ባይደረግ እ.ኤ.አ. በ2030 ወደ 403.5 ሚሊዮን ቶን ይደርስ የነበረውን ልቀት በ68.8 በመቶ መቀነስ። ይህን መቶኛ ወስዶ በብሎክ ላይ መለጠፍ ይቀናል፤ አታድርጉት። የቅነሳው አብዛኛው ክፍል የሚጠበቀው ከደንና ከመሬት አጠቃቀም ነው፤ ልደታ ላይ የሚሠራ አፓርታማ ደን አያለማም። ለብሎክ የሚሆነው በጀት ሌላ ነው፦ ለአንድ ነዋሪ በቀን ስንት የመኪና ኪሎ ሜትር፣ ለአንድ ሕንፃ በዓመት ስንት ሊትር ናፍጣ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር ወለል ስንት ኪሎ ሲሚንቶ። እነዚህን ፕላኑ መያዝ ይችላል።

3. የአየሩን መነሻ ልኬት አዘጋጁ

አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

ካለ መረጃ ጀምሩ። የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የፒኤም 2.5 ልኬት በየሰዓቱ ይፋ ሲያደርግ ቆይቷል፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት በዓለም ዙሪያ ከኤምባሲዎቹ የሚያሰራጨውን መረጃ አቁሟል። ያለፉት ዓመታት ክምችት ግን የወቅቶችን ውጣ ውረድ ለማየት ዛሬም ይጠቅማል። ከከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንና ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በደብዳቤ ጠይቁ፤ የቦሌ ጣቢያን የነፋስ አቅጣጫና ፍጥነትም አብራችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ የራሳችሁን መለኪያ ትከሉ። ለአንድ የአካባቢ ልማት ፕላን ቢያንስ ሦስት ዓይነት ቦታ ያስፈልጋል፦ ከዋናው መንገድ ጠርዝ በ10 ሜትር ውስጥ አንድ፣ ከመንገድ ራቅ ብሎ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ አንድ፣ ሕፃናት ወይም ሕሙማን በሚውሉበት ቦታ አንድ። መለኪያው ከመሬት ከ1.5 እስከ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን። ጣሪያ ላይ መስቀል ለጥበቃ ይመቻል፤ ግን ጣሪያ ላይ የሚተነፍስ ሰው የለም።

ርካሽ የሚባሉት ትንንሽ መለኪያዎች ጥሩ ናቸው፤ ግን አንድ አመል አላቸው። እርጥበት ሲበዛ ብናኙ ውሃ ስለሚሸከም ከእውነተኛው በላይ ያነባሉ። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት ጉም ውስጥ የሚያሳዩትን ቁጥር እንዳለ አትመኑ። ከመትከላችሁ በፊት ከአስተማማኝ መሣሪያ አጠገብ ለተወሰኑ ሳምንታት፣ አንዴ በክረምት አንዴ በበጋ፣ አስቀምጣችሁ ማስተካከያ ቀመር አውጡ።

የአዲስ አበባ ከፍታ ሌላው ወጥመድ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ መለኪያዎች ብዙ ጊዜ የሚያነቡት በቢሊዮን ስንት ድርሻ እያሉ ነው። መጻሕፍቱ አንዱን ድርሻ በ1.88 አባዝታችሁ ወደ ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ለውጡ ይላሉ፤ ይህ ግን ለባሕር ወለል ግፊትና ለ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በእኛ ግፊት እውነተኛው ወደ 1.4 ይጠጋል። የትኛውን እንደተጠቀማችሁ በሠንጠረዡ ግርጌ ካልጻፋችሁ፣ ሁለት አማካሪዎች በአንድ መንገድ ላይ ሩብ ያህል የተለያየ ቁጥር ይዘው ይከራከራሉ፤ ሁለቱም ትክክል ነን እያሉ።

ልኬቱ ዓመት ሙሉ ይሁን፤ ከዓመቱ ሰዓታት ቢያንስ 75 በመቶው መረጃ ይኑረው። «ክረምት ዝናብ ያጥበዋል» ብሎ በጋን ብቻ መለካት የተለመደ ነው፤ ግን በመሃል ከተማ የተደረጉ ልኬቶች ክረምት ላይም ከፍ ያለ ፒኤም 2.5 አሳይተዋል። ምክንያቱን መንገድ ላይ ማየት ይቻላል፦ ብርድ ነው፣ ቤት ውስጥ ከሰሉ ከጠዋት እስከ ማታ ይነዳል፤ በየማዕዘኑ በቆሎ ጥብስ አለ፤ ደመናው ዝቅ ብሎ የአየሩን መደባለቅ ያሳንሳል። በጥቅምትና በጥር መካከል ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ የማለዳው አየር ክዳኑ እንደተገጠመ ድስት ጢሱን አፍኖ ይዞ እስከ ረፋድ ይቆያል። የትምህርት ቤት መግቢያ ሰዓትና የታክሲው ግርግር የሚገጥመው ልክ እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ የዓመቱን አማካይ ብቻ ሳይሆን በየወቅቱ የሰዓት በሰዓት ግራፍ አውጡ።

ልዩ ቀኖችን ምልክት አድርጉባቸው እንጂ አትሰርዟቸው። ኅዳር 12 ዋናው ነው። በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ካጠቃው የኅዳር በሽታ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ደጁ ላይ የሚያጤስበት ቀን በመሆኑ፣ መለኪያው ያለ ምንም ብልሽት ወደ ላይ ይወጣል። የመስቀል ዋዜማ፣ ደመራው ሲበራ፣ መስቀል አደባባይ አካባቢም እንዲሁ ነው። ስለ ኅዳር 12 መረጃችሁ ላይ ማስታወሻ ከሌለ፣ ገምጋሚው መሣሪያችሁ የተበላሸ ይመስለዋል።

4. የሙቀት አማቂ ጋዙን መዝገብ ክፈቱ

ዘዴው ከተሞች የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ነው፤ ወደ ብሎክ ሲወርድ በሦስት ሣጥን ይመደባል። አንደኛው በፕላኑ ክልል ውስጥ የሚቃጠል (ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ከሰል፣ ጋዝ)፤ ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣ ኤሌክትሪክ፤ ሦስተኛው በክልሉ ምክንያት ሌላ ቦታ የሚለቀቅ፣ ለምሳሌ ወደ ረጲ የሚሄደው ቆሻሻ ሚቴንና የሲሚንቶ ፋብሪካው ጭስ።

ከአውሮፓ የተቀዳ የስሌት ሠንጠረዥ ይዞ የሚመጣ አማካሪ ትኩረቱን ሁሉ ሁለተኛው ሣጥን ላይ ያደርጋል፤ የግድግዳ ሙቀት መከላከያ፣ ቆጣቢ አምፖል። እኛ ዘንድ ኤሌክትሪኩ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ስለሚመነጭ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብም ስለታከለበት፣ ያ ሣጥን ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። ቆጣቢ አምፖል ጥሩ ነው፤ የፍጆታ ሒሳብ ይቀንሳል፤ ልቀት ቀነስኩ ብላችሁ ግን አትመዝግቡት። የመሃል አዲስ አበባ ልቀት ያለው በተሽከርካሪ፣ በጄኔሬተር፣ በሲሚንቶና በቆሻሻ ውስጥ ነው።

አንድ ብሎክ እንደ ማሳያ እንቀምር፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ትምህርት የተቀመጡ ናቸው። አፓርታማና ቢሮ የተቀላቀለበት ብሎክ በቀን 1,500 የአውቶሞቢል ጉዞ ያመነጫል እንበል፤ እያንዳንዱ 7 ኪሎ ሜትር። ይህ በቀን 10,500 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው በኪሎ ሜትር 0.1 ሊትር ቢጠጣ 1,050 ሊትር ይሆናል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋልና በቀን 2,415 ኪሎ፣ በ300 የሥራ ቀን ወደ 725 ቶን።

ጄኔሬተሩ በሰዓት 35 ሊትር ናፍጣ እያቃጠለ በቀን ሁለት ሰዓት ለ300 ቀን ቢሠራ 21,000 ሊትር ነው። በሊትር 2.68 ኪሎ ሲባዛ ወደ 56 ቶን።

ሕንፃዎቹ 8,000 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ቢበሉ፣ በሜትር ኩብ 300 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግድም ተይዞ 2,400 ቶን። በ50 ዓመት ዕድሜ ሲከፋፈል 48 ቶን በዓመት ይመስላል፤ ነገር ግን ጋዙ የሚለቀቀው በግንባታው ሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ነው። ስለዚህ ለብቻው መስመር ስጡት፤ በ50 ዓመት ጀርባ አትደብቁት።

እነዚህ ሦስት ቁጥሮች አብረው ሲቀመጡ ፕላነሩ ወዴት ማየት እንዳለበት ያሳያሉ። የመኪና ማቆሚያውን ቀንሶና የእግር መንገዱን አሻሽሎ ጉዞውን ከ1,500 ወደ 1,000 ማውረድ ከ240 ቶን በላይ ይቆጥባል፤ ጄኔሬተሩን ጨርሶ ማስወገድ 56 ብቻ። ነገር ግን የአየር ጥራቱን መዝገብ ስትከፍቱ ሚዛኑ ይገለበጣል። የመኪናው ጭስ በ7 ኪሎ ሜትር ላይ ይበተናል፤ የጄኔሬተሩ ጥቀርሻ ግን አንድ ቦታ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በሰው አፍንጫ ከፍታ ይወጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ለቆላ የተስተካከለ የናፍጣ ሞተር ኦክስጅን ስለሚያጥረው ይበልጥ ያጠቁራል። አንድ ትልቅ ሕንፃ አውቃለሁ፤ የጄኔሬተሩ ቱቦ ተጠማዝዞ የሚወጣው ከአጥሩ በላይ እጅ በሚያህል ከፍታ ነው፤ ፊት ለፊቱ የመዋዕለ ሕፃናት መስኮት አለ። የመስኮቱ ፍሬም በቱቦው በኩል ጠቁሯል፤ በሌላው በኩል ነጭ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር መምህርቷ መስኮቱን ትዘጋለች። የሕንፃው የካርቦን ዘገባ ላይ ያ ጄኔሬተር «አነስተኛ» ተብሎ ተመድቧል፤ በካርቦን ቁጥር እውነት ነው። ሁለቱን መዝገብ ለየብቻ መያዝ፣ ሁለቱንም ማሟላት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከሰል ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ከዕፅዋት የመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በስሌቱ ደንብ ለብቻው ይመዘገባል፤ ሚቴኑና ናይትረስ ኦክሳይዱ ግን ከድምሩ ውስጥ ይገባሉ። ሚቴን በመቶ ዓመት ሚዛን የካርቦን ዳይኦክሳይድን 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል፤ የቆሻሻው ሣጥንም የሚከብደው በዚሁ ነው።

5. ቁጥሮቹን ወደ መስመር ለውጡ

አሁን ካርታው ላይ ነን። እኔ የማስቀድማቸውን በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ የማቀርባቸው ርቀቶች መነሻ ናቸው፤ በልኬታችሁ አስተካክሏቸው።

የመንገድ ሸለቆ። በሁለት ወገን ረጃጅም ሕንፃ የተሰለፈበት መንገድ ጭሱን ይይዛል። መለኪያው ቀላል ነው፦ የሕንፃው ከፍታ ለመንገዱ ስፋት ሲካፈል። ውጤቱ ከ0.7 ሲያልፍ ነፋሱ ከላይ ይንሸራተታል እንጂ ወደ ታች ገብቶ አያጸዳም። 30 ሜትር መንገድ ዳር ጂ+12 ሕንፃ፣ ወለሉ 3.5 ሜትር ቢሆን፣ 45.5 ሜትር ይወጣል፤ ምጣኔው 1.5 ነው። ይህ ማለት ጂ+12 ይከልከል ማለት አይደለም። መንገዱ ዳር ያለው ፊት እስከ ጂ+4፣ ማለትም 17.5 ሜትር፣ ይሁን፤ ምጣኔው 0.58 ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኋላ ያፈግፍግ። በየ60 ሜትሩ ገደማም በሕንፃዎች መካከል ክፍተት ይተው። ባለይዞታው ወለሉን አያጣም፤ አቀማመጡን ይለውጣል። ጥያቄው ሲመጣም የምትመልሱት ይህንኑ ነው፤ መምጣቱ ደግሞ አይቀርም።

የወንዝ ሸለቆዎች። ሌሊት ከእንጦጦ አቅጣጫ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ቀበናን፣ ግንፍሌን፣ ባንተይቀጡን ተከትሎ ወደ ደቡብ ይፈስሳል። ወንዙን አቋርጦ የሚቆም ረጅም ግድግዳ መሰል ሕንፃ ያንን ፍሰት ያቆመዋል። በወንዝ ዳር ያሉ ብሎኮች ጠባብ ጎናቸውን ወደ ወንዙ ያዙሩ፤ የወንዙ ክፍት ቦታ በፕላኑ ላይ «የአየር መተላለፊያ» ተብሎ በስሙ ይጻፍ። «አረንጓዴ ቦታ» ብቻ ከተባለ ነገ ካፌ ይሠራበታል።

ሕፃናትና ሕሙማን። ከትልቅ መንገድ ጠርዝ የመጀመሪያዎቹ 50 ሜትሮች ክፉዎቹ ናቸው፤ ልዩነቱ እስከ 150 ወይም 200 ሜትር ይታያል። በመሃል ከተማ ይህን ያህል የሚርቅ ቦታ አይገኝም፤ ተገኝቶም ውድ ነው። ካልተገኘ ቅርጹን ተጠቀሙ፦ ሕንፃው ራሱ ወደ መንገዱ ሆኖ ይከልል፤ መጫወቻ ሜዳውና የመማሪያ ክፍል መስኮት ከጀርባ ይሁኑ፤ የልጆች ማውረጃ በዋናው መንገድ ላይ ሳይሆን በጎን መንገድ። የታክሲና የአውቶቡስ ማቆሚያ ከትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት አታስቀምጡ፤ ከሁሉም ርካሹ ማስተካከያ ይህ ነው።

ጄኔሬተርና ማብሰያ። የጄኔሬተር ቱቦ ከራሱ ሕንፃ ጣሪያ በላይ ቢያንስ 3 ሜትር ይውጣ፤ ከየትኛውም መስኮትና የአየር ማስገቢያ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። ከተወሰነ ጉልበት በላይ የሆነ ሕንፃ የመጀመሪያውን ሰዓት በባትሪ እንዲሸፍን መጠየቅ ይቻላል፤ አብዛኛው መቋረጥ አጭር ነውና። ለዳቦ ቤት፣ ለጥብስ ቤትና ለእንጀራ ጋጋሪዎች የጋራ የኤሌክትሪክ መስመርና የጢስ ማውጫ ያለው ቦታ በብሎኩ ውስጥ ይከለል። ከሰል ይቅር ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ምጣድ የሚሰካበት በቂ ኃይል ሳይዘረጋ ግን ትእዛዙ እናቶችን ከመንገድ ወደ ጓሮ ከማዛወር በቀር የሚፈይደው የለም።

ጉዞ። በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ባሉት ጣቢያዎች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። በእነዚህ ጣቢያዎች የእግር ርቀት ውስጥ የነዋሪ ብዛት ከፍ ይበል፤ የመኪና ማቆሚያ ግን ጣሪያ ይኑረው። «ቢያንስ ይህን ያህል» የሚለውን «ቢበዛ ይህን ያህል» በሚል ቀይሩት። ከሚፈቀዱት ማቆሚያዎች ለተወሰኑት የኤሌክትሪክ መኪና መሙያ መስመር ከመሠረቱ ይቀበር፤ ኋላ ወለል መስበር ውድ ነው። የኮሪደር ልማቱ የዘረጋቸው ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች በብሎኩ ውስጥ ካለው መተላለፊያ ጋር ካልተገናኙ፣ ሰው ከአጥር ጋር እየታገለ ዞሮ ይሄዳል፤ ወይም መኪናውን ያነሳል።

ዛፍ። ዛፍ ሁልጊዜ አየር ያጠራል የሚለውን አትመኑ። በጠባብና በጥልቅ መንገድ ላይ የተጠጋጋ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ጭሱን ከሥሩ ይይዛል። በሰፊ መንገድ ላይ ግን በመኪናውና በእግረኛው መካከል የሚተከል ቁጥቋጦ ይጠቅማል። በጠባቡ ላይ አራርቃችሁ ትከሉ።

6. የግንባታውን ዘመን ለብቻው ያዙ

ፕላኑ ሲጸድቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው አቧራ ነው፤ ያውም ለዓመታት። መሃል ከተማ ሲፈርስ የጭቃ ቤት ግድግዳ ዱቄት ይሆናል፤ አፈሩን የሚያጓጉዘው ሲኖትራክ ያለ ሸራ ይወጣል፤ በክረምት ጎማው ጭቃውን አስፋልት ላይ ያንጠባጥበዋል። ፀሐይ ሲወጣ ያ ጭቃ ይደርቃል፤ መኪና በላዩ ሲመላለስ ቀኑን ሙሉ ይቦናል። ስለዚህ ቢጫ የጎማ አሻራ ከግቢው በር አንስቶ እስከ አደባባዩ የሚታይበት ፕሮጀክት፣ ሌላ መለኪያ ሳያስፈልግ፣ ጥሷል ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።

የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታዎች እነዚህ ይሁኑ፦ ከማፍረስ በፊትና እያፈረሱ ማርጠብ፤ ከመውጫ በር ላይ የጎማ ማጠቢያ፤ ለሲኖትራክ የታሰረ ሸራ፤ ሲሚንቶ የሚደባለቅበት ቦታ ከጎረቤት አጥር መራቅ፤ በአጥሩ ላይ የፒኤም 10 መለኪያ። በብሪታንያ በግንባታ ቦታ በስፋት የሚሠራበት የማንቂያ ወሰን የአንድ ሰዓት አማካይ 190 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው፤ እዚህም ለመነሻ ያገለግላል። ቅደም ተከተልም አስቡ፦ አጎራባች ብሎኮች በአንድ በጋ አብረው እንዳይፈርሱ ፕላኑ በየምዕራፉ ይክፈላቸው።

7. አማራጮችን አወዳድሩ፣ ድምሩን አትርሱ

ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ ምንም ባይደረግ፣ ፕላኑ እንደቀረበ፣ ፕላኑ ከተሻሻለ በኋላ። በእያንዳንዱ የፒኤም 2.5 ጭማሪ፣ የዓመት ቶን፣ የሚነካው ሰው ብዛት። አንድ ሕንፃ ለብቻው ሁልጊዜ «ጭማሪው ኢምንት ነው» ይወጣዋል፤ ሃያ ሕንፃ ግን ሃያ ኢምንት ነው። ድምሩን ማየት የሚቻለው በአካባቢ ልማት ፕላን ብቻ ስለሆነ፣ በየሕንፃው የተፅዕኖ ግምገማ ይታያል ብላችሁ አታስተላልፉት።

8. ከነዋሪው ጋር ስትወያዩ

ማይክሮግራም አዳራሽ ውስጥ አይወራም። ካርታውን አንጥፋችሁ «የቱ ጋ ያፍናል? በስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። ጀበና ጥዳ መንገድ ዳር የምትውል ሴት፣ ጥበቃው፣ የታክሲ ረዳቱ መለኪያ ያልተተከለበትን ማዕዘን ያውቃሉ። ውይይቱ ፕላኑ ካለቀ በኋላ ሳይሆን መለኪያ የሚተከልበት ቦታ ሲመረጥ ይጀመር። ነዋሪዎችም ይህን እወቁ፦ የብክለት ቁጥጥር አዋጁ ማንም ሰው፣ በግሌ ተጎዳሁ ማለት ሳይጠበቅበት፣ ብክለት በሚያደርስ ላይ ለባለሥልጣኑ አቤት እንዲል ይፈቅዳል።

9. ለፈቃድ ሰጪው የሚመች አድርጋችሁ ጻፉ

የመጨረሻው ሥራ ሁሉንም በፈቃድ መስጫ ጠረጴዛ ላይ «አዎ» ወይም «አይ» ወደሚባል ዐረፍተ ነገር ማውረድ ነው። እንዲህ ዓይነት፦

«በዚህ ብሎክ ዋና መንገድ ዳር ያለው የሕንፃ ፊት ከፍታ ከመንገዱ ስፋት 0.6 እጥፍ አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ ያለው ወለል ቢያንስ 6 ሜትር ወደ ኋላ ያፈገፍጋል።»

«የጄኔሬተር ጭስ ማውጫ ቦታና ከፍታ በሥነ ሕንፃ ንድፉ ላይ ካልታየ ንድፉ አይስተናገድም።»

«የዓመቱ አማካይ ፒኤም 2.5 በፕላኑ ክልል ባለ ማንኛውም መለኪያ ላይ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከመሸጋገሪያ ግቡ ካለፈ፣ በቀሪዎቹ ብሎኮች የሚፈቀደው የመኪና ማቆሚያ ጣሪያ በአንድ አራተኛ ይቀንሳል።»

ሦስተኛው ላይ ክርክር ይነሳል፤ «ባለሀብቱ እርግጠኛ መሆን ይፈልጋል» ይባላል። ቅነሳው ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ስለተጻፈ እርግጠኛነቱ አለ። ከድንጋጌው አጠገብ መለኪያውን ማን እንደሚጠብቅ፣ ባትሪውንና ማጣሪያውን ማን እንደሚቀይር፣ በጀቱ ከየትኛው መደብ እንደሚወጣ፣ መረጃው በየትኛው ወር ለወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ እንደሚደርስ በኃላፊነት መደብ ለይታችሁ ጻፉ። በግለሰብ ስም አይሁን፤ ሰው ይዛወራል፤ መደቡ ግን ይቆያል።